ጦር ይዝመት የሚለው ማነው? ጥያቄና መልስ ከአንድ ጡረተኛ ሻለቃ ጋር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ብዙዎቻችሁ በየጊዜው የምትልኩልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ሁሉንም እዚሁ ልመልስ ብዬ ነው። ለማታውቁኝ፣ በሠራዊቱ ብዙውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዘመቻና በስንቅና ትጥቅ ክፍል ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ነኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ዛሬ የትኛው ጦር የት ነው፣ ነገስ ወዴት ይሄዳል የሚል ጥያቄ አልመልስም። አላውቅም፤ ባውቅም አልናገርም። ውሳኔው እንዴት እንደሚወሰን ግን የማውቀውን ያህል እነግራችኋለሁ። በሉ ጠይቁ።

ከቡሬ፦ ሻለቃ፣ ሲጀመር «ጦሩ ይዝመት» የሚለው ማነው? ጄኔራሉ ነው ወይስ ፖለቲከኛው?

ፖለቲከኛው ነው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 74 መሠረት የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ያውም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቁን ሲያቀርብለት። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 ላይ ታገኘዋለህ። አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሁን ይላል። ከዚያ በታች ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ አለ፣ ከሱ ሥር ዕዞች፣ ኮር፣ ክፍለ ጦር፣ ብርጌድ፣ ሻለቃ እያለ ይወርዳል።

ይሄ ወረቀቱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ነገሩ ይለያል። ፖለቲከኛው መመለስ ያለበት «ለምን?» የሚለውን ነው። ምን ለማግኘት ነው የምንሄደው፣ እስከ ምን ድረስ ዋጋ እንከፍላለን፣ መቼ ነው በቃ የምንለው። ወታደሩ የሚመልሰው «በምን?» የሚለውን ነው። ስንት ሰው፣ በየት መንገድ፣ በስንት ቀን፣ ምን እየበላ። አንደኛው የራሱን ሥራ ትቶ የሌላውን መሥራት ሲጀምር ነገር ይበላሻል። ጄኔራል ፖለቲካ ሲያወራ አይታችኋል፣ ፖለቲከኛም ካርታ ላይ ሻለቃ ሲያንቀሳቅስ አይታችኋል። ለእኔ ግን ከሁለቱም የሚከፋው፣ ጠረጴዛውን የከበቡት ሁሉ ነገሩ እንደማይሆን በልባቸው እያወቁ «አይቻልም» የሚል አንድ ሰው ሲጠፋ ነው።

ከሞጣ፦ እና ጄኔራሉ «አይቻልም» ቢልስ? ይባረራል?

መባረር ቀላሉ ነው። የካቲት 1980 ላይ የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዘመን፣ ያውም በራሱ መንግሥት ተገደሉ። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ መጋቢት ላይ ሻዕቢያ አፍአበትን ያዘ፣ ናደው ዕዝም ፈረሰ። ሰውዬው ቢኖሩ ኖሮ አፍአበት አይወድቅም ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ማንም እንዲያ ብሎ መማል አይችልም። ግን ከዚያ በኋላ የቀሩት መኮንኖች ወደ ላይ ምን ዓይነት ሪፖርት የሚጽፉ ይመስልሃል? ልክ ነህ። ደስ የሚያሰኘውን።

የሌላ አገር ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2003 የአሜሪካ ምድር ጦር ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሺንሴኪ ሴኔት ፊት ቀርበው፣ ኢራቅን ከያዝን በኋላ ለማረጋጋት ብዙ መቶ ሺህ ወታደር ያስፈልጋል አሉ። ሲቪል አለቆቻቸው በአደባባይ አጣጣሏቸው። ባግዳድን ለመያዝ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው የፈጀው። ማረጋጋቱ ግን ዓመታት ፈጀ፣ በ2007 ደግሞ ተጨማሪ ጦር መላክ ግድ ሆነ። አገር መያዝና ይዞ መቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ የሚጠይቁትም የሰው ቁጥር ይለያያል።

ተቃራኒውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 ጄኔራል ማክአርተር የኮሪያን ጦርነት ወደ ቻይና ካላሰፋሁ ብለው ከፕሬዚዳንታቸው ጋር በአደባባይ ተጋጩ። ትሩማን ሚያዝያ ላይ አነሷቸው። እዚህ ላይ እኔ ከትሩማን ጋር ነኝ። «አይቻልም» ማለት የወታደር ግዴታ ነው፤ በር ተዘግቶ ነው የሚባለው ታዲያ። ከተወሰነ በኋላ ወይ ትፈጽማለህ ወይ ሥልጣን ትለቃለህ።

ከደጀን፦ የሚላከው ሰው ቁጥር በምን ይሰላል? ለአንድ ሦስት የሚባለው እውነት ነው?

ለአንድ ሦስት የሚባለው የተዘጋጀ ምሽግ የያዘ ጠላት ለማጥቃት የሚነገር ጥንታዊ መነሻ ነው። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። አንተ የደጀን ልጅ ስለሆንክ በሠፈርህ ላስረዳህ። ከደጀን ተነስተህ ወደ ጎሃ ጽዮን ለመሻገር ዓባይ በረሃ ትወርዳለህ፣ ድልድዩን ታልፋለህ፣ እንደገና ያንን ሁሉ ዳገት ትወጣለህ። መንገዱ አንድ ነው፤ ጠመዝማዛ ነው፤ አንድ ከባድ መኪና ተበላሽቶ ቢቆም ሌላው ሁሉ ከኋላው ይሰለፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሦስት እጥፍ ቢኖርህም በአንድ ጊዜ የሚዋጋልህ ከፊት ያለው ብቻ ነው። ሌላው መኪና ላይ ቁጭ ብሎ ሙቀት ይበላዋል። ስለዚህ አዛዥ መጀመሪያ የሚያየው የጠላትን ቁጥር አይደለም። መንገዱን ነው፣ ድልድዩን ነው፣ ውኃውን ነው።

ሌላ ሰው የማያስበው ነገር ተጠባባቂው ነው። ያለውን ሁሉ ግንባር ላይ የደረደረ አዛዥ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚያዘው ነገር የለውም። ሲሰበር ዝም ብሎ ማየት ነው። ፖለቲከኞች ደግሞ ተጠባባቂ ሲያዩ «ይሄ ጦር ምን ሥራ ፈቶ ተቀምጧል?» ማለት ይወዳሉ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ሁልጊዜ ስንቅ ስንቅ ይላሉ። በዚህ ዘመንም ይሄን ያህል ነው?

ኧረ ይብሳል እንጂ! ና አብረን እናስላው። ለሒሳብ እንዲመቸን አንድ ሻለቃ 800 ሰው ነው እንበል። ቆላ ላይ ነው የሠፈረው። ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለመተጣጠብ ለአንድ ሰው በቀን 10 ሊትር ውኃ ስጠው፤ ይሄ ንፉግ ሒሳብ ነው። 8,000 ሊትር ሆነ። በ20 ሊትር ጀሪካን 400 ጀሪካን፣ በየቀኑ። ክብደቱ 80 ኩንታል። ዱቄት በቀን ግማሽ ኪሎ ብታስብለት ደግሞ 4 ኩንታል ብቻ ነው። አየህ? ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ እህሉ ነው፣ ጀርባ የሚሰብረው ግን ውኃው ነው። ስለዚህ ሻለቃው ምንጭ አጠገብ ካልሠፈረ በቀር ቦቴ መመደብ አለብህ። ቦቴው ነዳጅ ይፈልጋል። ነዳጁን የሚያመጣ ሌላ ቦቴ ይፈልጋል። መንገዱን የሚጠብቅ ጦር ይፈልጋል። ያ ጦር ደግሞ ውኃ ይጠጣል።

እስካሁን ጥይት አልጫንኩም፣ መድኃኒት አልጫንኩም፣ ቁስለኛ የሚመልስ አምቡላንስ አልቆጠርኩም። ወታደሩ ኮቾሮ እየቆረጠመ ሁለት ሦስት ቀን ይከርማል፣ ጎበዝ ነው። በሶ የያዘ የገበሬ ልጅ ደግሞ ከዚያም በላይ ይከርማል። ወር ግን አይከርምም። እኔ ያየኋቸው የተበላሹ ዕቅዶች ብዙዎቹ የተበላሹት ቀስቱ ካርታው ላይ አምሮ ተስሎ፣ ከቀስቱ ኋላ ያለው መኪና ሳይቆጠር ቀርቶ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ዓድዋን በዚህ ዓይን ቢያዩልን? ተማሪዎቼ የሚያውቁት ጀግንነቱን ብቻ ነው።

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ጀግንነቱ እንዳለ ሆኖ ዓድዋ የስሌት ጦርነት ነው።

ምኒልክ የክተት አዋጁን ያወጁት መስከረም 1888 ላይ ነው። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ይግባ አሉ። ለምን ጥቅምት? ክረምቱ ወጥቷል፣ ወንዝ ጎድሏል፣ ጭቃው ደርቋል፣ በየመንገዱ ደግሞ እህሉ እየደረሰ ነው። ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ይዘህ በእግር ስትዘምት የቀን አመራረጥ ግማሽ ድል ነው። ከዚያ የእኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም፣ ራስ መኮንን ከሐረር፣ ራስ መንገሻ ከትግራይ፣ ሌላውም እንዲሁ ከየአገሩ። የፖለቲካው ሥራ እሱ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 እምባቦ ላይ በምኒልክ ተማርከው የነበሩ ሰው ናቸው። አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላ በአንድ ሰልፍ ቆሙ። ይሄን ያደረገው ጥይት አይደለም፣ ዓመታት የፈጀ ማግባባት ነው።

አሁን ወደ ጣልያን በኩል እንሻገር፣ ለተማሪዎችህ የሚጠቅመው እሱ ነው። የጣልያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ከ17 ሺህ የማይርቅ ጦር ይዞ ሳውሪያ ላይ ተቀምጧል። ቦታው ጥሩ ነው። መጠበቅ ይችላል። ቢጠብቅ ኖሮ የምኒልክ ጦር ስንቅ ጨርሶ ሊበተን ምንም አልቀረውም ነበር። የዚያን ሰሞን ምኒልክ ወደ ኋላ ስለመመለስ ያስቡ ነበር። ባራቲዬሪም ቢሆን ስንቁ የጥቂት ቀን ነው፤ ስለዚህ እሱም ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይፈልግ ነበር። ሁለቱም ጦር ረሃብ ከኋላ እየገፋው ተፋጧል ማለት ነው።

ከዚያ ሮም መጣች። ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ የካቲት 18 ቀን ቴሌግራም ላኩ። የምታካሂደው ጦርነት ሳይሆን እንደ ሳምባ ነቀርሳ ቀስ እያለ የሚያመነምን ነገር ነው የሚል ስድብ ያለበት ቴሌግራም ነው። ክሪስፒ ፓርላማው እያጉረመረመባቸው ነበር፣ ድል ያስፈልጋቸዋል፣ ያውም ቶሎ። ለካስ በስውር ተተኪ አዛዥ ሾመውበት ነበር። ባራቲዬሪ የብርጌድ አዛዦቹን ሰብስቦ ጠየቃቸው። ማፈግፈግ ነውር ነው፣ እናጥቃ አሉ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ቢገኝና «ጌታው፣ ካርታችን የማይረባ ነው፣ ሌሊት በማናውቀው ተራራ መሐል አራት ብርጌድ መላክ አንችልም» ቢል ኖሮ ታሪክ ምን ይል ነበር? አልተባለም። ካርታው እውነትም የማይረባ ሆኖ ተገኘ። ከብርጌድ አዛዦቹ አንዱ አልበርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ ፍለጋ ከሌሎቹ በጣም ርቆ ሄደ፣ ብርጌዶቹ ተለያዩ፣ የካቲት 23 በየተራ ተመቱ።

ስለዚህ መምህር፣ አንድ ፈተና ላይ «ባራቲዬሪ ለምን አልጠበቀም?» ብለህ ጠይቃቸው። «ፈሪ እንዳይባል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ካገኘህ ሙሉ ማርክ ስጠው።

ከቢቸና፦ አጼ ዮሐንስስ? ሰሃጢ ጣልያን ፊት ለፊታቸው ቆሞ ለምን ተመልሰው ጎጃምን አጠፉ? አያቶቻችን እስከ ዛሬ የሚያወሩት ነው።

ከባድ ጥያቄ ነው፣ ቁስልም አለበት። ነገሩን በሥፍራው እናስቀምጠው። ንጉሠ ነገሥቱ ሦስት ግንባር ነበረባቸው። በሰሜን ጣልያን ምጽዋን ይዞ ወደ ደጋው እየወጣ ነው። በምዕራብ የሱዳን መሐዲስቶች ጦር፣ ደርቡሽ አለ። በደቡብ ደግሞ ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት ሊከዱኝ ነው የሚል ጥርጣሬ። ጥር 1880 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ በደርቡሽ ተሸነፉ፣ ጎንደር ተቃጠለች። መጋቢት ላይ ዮሐንስ ትልቅ ጦር ይዘው ሰሃጢ ደረሱ። ጣልያን ግን ከምሽጉ አልወጣም። ምሽግ ላይ መትመም እልቂት ነው፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ደግሞ ስንቅ የለም፣ በሽታም ገባ። ተመለሱ። እስከዚህ ድረስ እንደ ወታደር ስታየው ውሳኔው ልክ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ግን ሌላ ነው። ጦሩ ወደ ጎጃም ዞረና አገሩን ዘረፈ፣ አቃጠለ። በዚያ ዘመን ጦር የሚበላው ካለበት አገር ስለሆነ፣ «እቀጣለሁ» ማለትና «ጦሬን እቀልባለሁ» ማለት አንድ ላይ ነው የሚሄደው። ገበሬው ከፈለ። እኔ የጎጃም ልጅ ስለሆንኩ አድልቶብኝ ይሆናል፣ ግን እንደ ዘመቻ ሰው ብቻ ሆኜ ስፈርደውም ጥፋት ነው። ከደርቡሽ ጋር ለመዋጋት ከሁሉም የሚቀርበውን አገር፣ ስንቅና ሰው የሚያገኙበትን አገር፣ በገዛ እጃቸው አራቆቱት። መጋቢት 1 ቀን 1881 መተማ ላይ ሲዋጉ ያ አገር ከኋላቸው አልነበረም።

ከዚህ የሚመሳሰል ሌላም አለ። በ1928 ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ሲዘምቱ፣ ከጎጃም ገዥ ቤት የሚወለዱት ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከመንገድ ከድተው ተመለሱና አመጹ። ለምን? ራስ ኃይሉ በ1924 ከሥልጣን ተነስተው ጎጃም ለእምሩ ሲሰጥ ቂም ተቋጥሮ ነበር። ጃንሆይ ያንን ሹመት ሲወስኑ ስለ ሽሬ ግንባር አላሰቡም። ይሁንና የእምሩ ጦር ታኅሣሥ 5 ቀን ደምበጉና ላይ የጣልያንን ትናንሽ ታንኮች በእጁ እስከ መማረክ ደርሷል። የከዱት ቢኖሩ ደግሞ አስቡት።

ከዳንግላ፦ በ1933 ጣልያን ዳንግላን ያለ ውጊያ ለቆ ሄደ ይባላል። ያን ያህል ጦር ይዞ ለምን?

እውነት ነው፣ በተሳሳተ መረጃ ምክንያት ነው የለቀቀው። የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ይመራው የነበረው ጌዴዎን ኃይል 2,000 ሰው ገደማ ነው። የጎጃም ጣልያን ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ግን አርበኛው በየጫካው መንገድ ይቆርጣል፣ ስልክ ይቆርጣል፣ ጃንሆይ ደግሞ ኦሜድላ ገብተው ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለዋል የሚል ወሬ አገር ሞልቷል። የጣልያን መኮንን ፊት ለፊቱ ያለውን ኃይል መቁጠር ስላልቻለ የፈራውን ያህል ቆጠረው። ዳንግላን ለቀቀ፣ ቡሬን ለቀቀ፣ በመጨረሻ ማርቆስንም። ጃንሆይ መጋቢት 28 ማርቆስ ገቡ፤ አዲስ አበባም የተያዘችው በዚያው ዕለት ነው።

ከባሕር ዳር፦ የሌሎች አገሮች ፓርላማዎች ጦር ከመላኩ በፊት ይጠየቃሉ?

እንደ አገሩ። ጀርመን ጥብቅ ናት፤ ጦር ውጭ አገር ለመላክ የፓርላማው ፈቃድ ግዴታ ነው፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1994 ወስኖታል። አሜሪካ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ፕሬዚዳንቱ ጦር ባስገባ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኮንግረስ ማሳወቅ አለበት፣ ካልተፈቀደለት በ60 ቀን ማስወጣት፣ ለመውጫ 30 ቀን ይጨመርለታል። ፕሬዚዳንቶቹ ግን ይሄን ሕግ ሲሸሹት ነው የኖሩት። እንግሊዝ ላይ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2013 ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮን ሶርያን ለመምታት ጠይቀው በ285 ለ272 ተሸነፉ፣ ተዉትም። የእኛ ምክር ቤት ኅዳር 1999 ስለ ሶማሊያ ውሳኔ አሳልፎ ነበር፣ ጦሩ ጥር 2001 ተመለሰ።

ለእኔ ድምፁ ራሱ ሳይሆን ክርክሩ ነው ዋጋ ያለው። ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2009 አፍጋኒስታን ላይ ወራት የፈጀ ስብሰባ አደረጉ። አዛዡ 40 ሺህ ጠየቀ፣ እሳቸው 30 ሺህ ሰጡ፣ መመለስ የሚጀምርበትንም ጊዜ አብረው ተናገሩ። ብዙ መኮንን ቀኑን መናገራቸውን ተቃውሟል። እኔም ብሆን እቃወም ነበር። ጠላት ቀን መቁጠር ይችላላ!

ከአዴት፦ ልጄ ሰላም ማስከበር ሄዶብኝ ነበር። በሰላም ተመልሷል ተመስገን። ግን የሚሄደው ማን እንደሚሆን፣ መቼስ እንደሚመለስ ማን ነው የሚወስነው?

እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ፣ እንኳን በሰላም ገባልዎ። ሰላም ማስከበር ላይ የሚወስነው አንድ ሰው አይደለም። መጀመሪያ የጸጥታው ምክር ቤት ሥልጣኑንና ቁጥሩን ይወስናል። ከዚያ አገሩ ይጠየቃል። ለምሳሌ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡበት አብዬ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የተፈቀደው 4,200 ሰው ነበር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የእኛ ልጆች፣ ምክንያቱም ካርቱምም ጁባም ኢትዮጵያን ተቀብለዋል። ሁለቱ ወገን የሚቀበሉት ጦር ማግኘት ብርቅ ነው። በኋላ የሱዳንና የእኛ ግንኙነት ሲሻክር ሱዳን አልፈልግም አለች፣ በ2022 በሌሎች ተተካን። ወታደሩ ምንም አላጠፋም። ፖለቲካው ነው የተቀየረው።

የሚሄደውን ሻለቃ የሚመርጠው መከላከያ ነው። ደንበኛው አሠራር አንዱ ግዳጅ ላይ ሲሆን አንዱ ይሠለጥናል፣ ከግዳጅ የተመለሰው ደግሞ ያርፋል። ስለዚህ አንድ ሺህ ሰው ሜዳ ላይ እንዲኖር ሦስት ሺህ ሰው ይያዛል። ተተኪው ሲዘገይ የልጅዎ መመለሻም ይዘገያል። እዚያ ያሉት አዛዦች ጨክነው አይደለም።

ከደምበጫ፦ ሰላም ማስከበር ለዶላር ነው የሚባለውስ?

ዶላሩ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ለአንድ ወታደር በወር የሚከፍለው ተመን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ 1,428 ዶላር ነበር፣ በኋላ ትንሽ ተጨምሯል። የሚከፈለው ግን ለመንግሥት ነው፣ ወታደሩ ምን እንደሚደርሰው መንግሥቱ ይወስናል። ግን ለዶላር ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ወደ ኮሪያ ሲሄድ ጃንሆይ የሚያስቡት ጄኔቫን፣ የመንግሥታቱን ማኅበር ነበር፤ ተደፈርን ብለን ስንጮህ የሰማን የለም፣ ስለዚህ ለሌላው ሲጮህ እንድረስ የሚል። በዚያው ደግሞ ከአሜሪካ መሣሪያና ሥልጠና እናገኛለን የሚልም ነበረበት። ሁለቱም እውነት ነው።

ከባሕር ዳር፦ ሻለቃ አይሸሹ! የፌዴራል ጦር ክልል ውስጥ የሚገባው በምን ሕግ ነው?

አልሸሽም፣ ሕጉን እነግርሃለሁ። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 14፦ ክልሉ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ሲጠይቅ ፌዴራል መንግሥቱ ሠራዊት ያሰማራል። አንቀጽ 93፦ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣል፣ ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ይቀርብለታል፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከጸደቀ ስድስት ወር ይቆያል፣ ከዚያ በአራት አራት ወር ይታደሳል። በ2015 የሆነውም ይሄ ነው። የአማራ ክልል ሐምሌ 27 ጠየቀ፣ በማግስቱ ታወጀ፣ ነሐሴ 8 ጸደቀ፣ ጥር 2016 ላይ ለአራት ወር ተራዘመ። ሕጉ እዚህ ላይ ያበቃል።

የፖለቲካ አስተያየቴን ከጠየቅኸኝ ግን አንድ ሙያዊ ነገር ብቻ እላለሁ። ጦር የተሠራው ከጦር ጋር እንዲዋጋ ነው። የገዛ አገሩ ከተማ ውስጥ፣ ገበያ መሐል፣ እናቶች በሚያልፉበት መንገድ ላይ ሲሠፍር ያ ሥልጠናው ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ይበዛል። ይሄን የትኛውም አገር ያለ መኮንን ያውቀዋል። ስለዚህ «ለምን?» እና «መቼ በቃ?» የሚሉት ጥያቄዎች እዚህ ጋ ሲሆኑ ከውጭ ጦርነት ይልቅ ጥርት ብለው መመለስ አለባቸው።

ከመርጦ ለማርያም፦ አሁን ድሮን መጥቷል። ሰው መላክ ይቀራል?

አይቀርም። ድሮን ያያል፣ ይመታል፣ ግን ቦታ አይይዝም። ደግሞም የሚያሳይህ ሰው እንዳለ ነው እንጂ ሰውዬው ማን እንደሆነ አይነግርህም። ሰርግ ይሁን ልቅሶ ከላይ ሆኖ መለየት ቀላል አይደለም።

ከቡሬ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። አንድ ሻለቃ እንዲንቀሳቀስ ሲታዘዝ ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፎ ይመጣል?

ጥሩ ትዕዛዝ አጭር ነው። በመጀመሪያ ሁኔታው ይመጣል፦ ጠላት የት ነው፣ ወገን የት ነው፣ ሕዝቡስ። ቀጥሎ ግዳጁ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ አፈጻጸሙ፣ ማን በየት በስንት ሰዓት። ከዚያ ስንቅ፣ ትጥቅና ሕክምና። በመጨረሻ አዛዡ የት እንደሚገኝ፣ እሱ ቢወድቅ ማን እንደሚተካ፣ በምን ሬዲዮ እንደሚገናኙ። ይሄው ነው። ግዳጁ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በልጦ ሦስት አንቀጽ ሆኖ ከመጣ፣ ላይ ያሉት ሰዎች ራሳቸው ምን እንደሚፈልጉ አልተስማሙም ማለት ነው። መልሶ መጠየቅ ይሻላል፣ ቢቆጡም።

በሉ፣ ዓይኔም ደከመ፣ መብራቱም ሊሄድ ይመስላል። ስለ 1983ቱ ዘመቻ ቴዎድሮስና ስለ ጎጃም ግንባር የጠየቃችሁኝ አላችሁ፣ እሱ ለብቻው ይሁን። ካርታ ይዤ እመጣለሁ።